ከታካሚው አልጋ እስከ ዲኑ ወንበር፦ ኢትዮጵያዊ ነርሶች በአሜሪካ የነርሲንግ ትምህርት አመራር ውስጥ ቦታ የሚይዙበት ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ሆስፒታሎች የማታ ሺፍት ላይ አማርኛ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። መድኃኒት የምትሰጠው፣ ቻርጅ (የሺፍቱ ኃላፊ) የሆነችው፣ ለአዲስ ነርስ ፕሪሴፕተር (የሥራ ላይ አሠልጣኝ) ሆና የምትመደበው ብዙ ጊዜ የእኛ እህት ናት። ጠዋት ተማሪ ይዘው የሚመጡትን መምህራን፣ ከእነሱም በላይ ያሉትን የፕሮግራም ዳይሬክተሮችና ዲኖች ስንቆጥር ግን የእኛ ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው አገር አቀፍ የነርሶች ጥናት ከአምስት ነርሶች አራቱ ያህል ነጮች ነበሩ፤ የመምህራኑ ስብጥርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አልጋ ላይ የተኛው ታካሚና ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ግን ከዚያ እጅግ የተለያዩ ናቸው።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ አርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ሆነው ለሚሠሩና ማስተማር ለሚያስቡ ነው። ከማስተማርም አልፎ ምን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ተማሪ እንደሚገባና የትኛው መምህር እንደሚቀጠር የሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ለሚፈልጉ ተጽፏል። ከቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ) ተነስቶ የትምህርት ክፍል ኃላፊ እስከመሆን አሥር ዓመት ቢፈጅ አይገርምም። ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ግን ርዝመቱ ከብዶት አይደለም። ተራውን ባለማወቅ በማይሆን ዲግሪ፣ በማያሳድግ ሥራና በማይጠቅም ኮሚቴ ላይ ዓመታት ስለሚያልፉበት ነው።

ከወንበሩ ተነስተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የተለመደው መሰላል ይህ ነው፦ የሰዓት ክሊኒካል መምህር፣ የሙሉ ጊዜ መምህር፣ የኮርስ አስተባባሪ፣ የሲሙሌሽን (በሰው ሠራሽ ታካሚ የሚደረግ ልምምድ) ወይም የአንድ ዓመት ተማሪዎች አስተባባሪ፣ ረዳት ዳይሬክተር፣ የፕሮግራም ዳይሬክተር ወይም የክፍል ኃላፊ፣ ምክትል ዲን፣ ዲን። መዝለል ይቻላል፤ ሆኖም የኮርስ አስተባባሪነትን የዘለለ ሰው በኋላ የኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው ያጣል።

በላይኛው ጫፍ የሚጠየቀው በግልጽ የተጻፈ ነው። ሲሲኤንኢ የተባለው የዕውቅና ሰጪ ተቋም የነርሲንግ ክፍሉን የሚመራው ሰው አርኤን እንዲሆንና በነርሲንግ የድኅረ ምረቃ ዲግሪ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ክፍሉ ማስተርስና ከዚያ በላይ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ዶክትሬት ግድ ነው። ስለዚህ ግብዎ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሮግራም መምራት ከሆነ ማስተርስ በር ሊከፍትልዎ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ዶክትሬቱን ከአሁኑ ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት።

ዶክትሬት ሲባል ሁለት ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት ውድ ነው። ዲኤንፒ የሙያ ዶክትሬት ሲሆን ከባችለር በኋላ ብዙውን ጊዜ በድምሩ 1,000 የተግባር ሰዓት ይጠይቃል፤ እየሠሩ ለመጨረስ ይመቻል። ፒኤችዲ የምርምር ዲግሪ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይወስዳል። ምርምር ዋና ሥራቸው የሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ለቴንየር (ቋሚ መምህርነት) መደብ ብዙውን ጊዜ ፒኤችዲ ይፈልጋሉ፤ ዲኤንፒ ያለውን ሰው ክሊኒካል ትራክ (ቴንየር የሌለው፣ በተግባር ማስተማር ላይ ያተኮረ መደብ) ላይ ያስቀምጡታል። በአንዳንድ ቦታ የክሊኒካል ትራክ መምህር በቅጥርና በዕድገት ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም። ከመመዝገብዎ በፊት ወደፊት ሊሠሩባቸው የሚፈልጉ አምስት ትምህርት ቤቶችን መርጠው የዲኖቻቸውንና የክፍል ኃላፊዎቻቸውን ዲግሪ ከድረ ገጻቸው ይመልከቱ። አንድ ምሽት ብቻ ይፈጃል፤ አራት ዓመት ግን ሊያተርፍልዎ ይችላል።

ደረጃ 1፦ የአገር ቤቱን ወረቀት ቀድመው ያስጨርሱ

ዲፕሎማዎን ወይም ዲግሪዎን ኢትዮጵያ ውስጥ ላገኙ የመጀመሪያው እንቅፋት ይህ ነው። ለአርኤን ፈቃድ ያስገመገሙት ማስረጃ ለማስተርስ ማመልከቻ ላይበቃ ይችላል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝር ግምገማ ይፈልጋሉ፤ ይህንንም እንደ ደብልዩኢኤስ ያሉ ድርጅቶች ይሠራሉ። ገምጋሚው ትራንስክሪፕቱን ከእርስዎ እጅ አይቀበልም፤ ከሬጅስትራር በቀጥታ፣ ታሽጎ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲላክ ይጠይቃል።

በኮስት ሼሪንግ የተማሩ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ካልተዘጋ በእጅዎ ያለው ቴምፖራሪ ብቻ ነው፤ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይለቀቅም። ለቤተሰብ ወይም ለታመነ ሰው ውክልና ይላኩ፣ ክፍያውን ያስዘጉ፣ ትራንስክሪፕቱም በአንድ ጊዜ ቢያንስ በሦስት ቅጂ እንዲወጣ ያድርጉ። ለዚህ ሁሉ ስድስት ወር ይመድቡ። የስም አጻጻፍም ይጠንቀቁ፤ ፓስፖርቱ ላይ፣ ዲግሪው ላይና የነርስ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም በአንዲት ፊደል ከተለያየ ማመልከቻው ይቆማል። የአባትና የአያት ስም ቦታ መለዋወጥ ደግሞ የዘወትር ችግራችን ነው። ልዩነት ካለ የሁለቱም ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ፣ በኖተሪ የተረጋገጠ ቃለ መሐላ አስቀድመው ያዘጋጁ።

ደረጃ 2፦ ማስተርሱን ሲመርጡ

ያለዎት የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ከሆነ ከአርኤን ወደ ቢኤስኤን የሚወስደው ፕሮግራም 30 ክሬዲት ገደማ ነው፤ ሳይዘገዩ ይጨርሱት። ማስተርስ ሲመርጡ ሦስት ነገር ይዩ።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ በሲሲኤንኢ፣ በኤሲኢኤን ወይም በሲኤንኢኤ ዕውቅና የተሰጠው መሆኑን ከዕውቅና ሰጪዎቹ ዝርዝር ላይ ራስዎ ያረጋግጡ፤ ዩኒቨርሲቲው በጠቅላላው ዕውቅና አለው ማለት የነርሲንግ ፕሮግራሙ አለው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በነርስ አስተማሪነት ዘርፍ ከሆነ በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሰጡት ከፍተኛ ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂና የአካል ምርመራ ይካተቱበት። እነዚህ የሌሉበት ማስተርስ በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ ወይም ዲኤንፒ ሲጀምሩ እንደገና ያስከፍልዎታል። ሦስተኛ፣ የማስተማር ልምምዱን ቦታና ፕሪሴፕተር ማን እንደሚያገኝ በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ የኦንላይን ፕሮግራሞች ይህን ለተማሪው ይተዉታል፤ ቦታ ያላገኘ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ይቆማል።

ነርስ ፕራክቲሽነር (ታካሚ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ከፍተኛ ነርስ) የመሆን ዕቅድ ካለዎትስ? በክፍያ ረገድ የተሻለ ነው፤ ማስተማርም አይከለክልም። ከዚያው ጋር 9 ክሬዲት የነርሲንግ ትምህርት ኮርስ ቢጨምሩበት ሁለቱንም መንገድ ይይዛሉ። ምክራችን ይህ ነው፤ ምክንያቱም የመምህር ደመወዝ ከሆስፒታሉ ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ትምህርት በሚዘጋባቸው የሰመር ወራት ክሊኒክ መሥራት መቻል ቤት ያቆማል።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡ

አሠሪዎ ለትምህርት ከሚከፍለው ውስጥ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይታሰብበትም። እዚህ ላይ የአጀማመሩ ወር ዋጋ አለው፦ በኦገስት 2026 የተጀመረና በሜይ 2028 የሚያልቅ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ሦስት የቀን መቁጠሪያ ዓመት ይነካል፤ አሠሪው ጣሪያውን ድረስ ከከፈለ 15,750 ዶላር ገደማ ማለት ነው። በጃንዋሪ ቢጀመር ግን ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚነካ 10,500 ገደማ ይሆናል። ውሉን ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ካልሠሩ ይመልሱ የሚል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለበት።

ሁለተኛው ምንጭ ኤንኤፍኤልፒ የተባለው የፌዴራል የነርስ መምህራን ብድር ነው። ከመንግሥት በቀጥታ አይወሰድም፤ ገንዘቡ የተሰጠው ትምህርት ቤት ለተማሪው ያበድራል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ለትምህርት ቤቱ ደውለው ዘንድሮ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ከተመረቁ በኋላ በዕውቅና ባለው ነርሲንግ ትምህርት ቤት የሙሉ ጊዜ ወይም ከሙሉ ጊዜ ጋር የሚስተካከል የማስተማር ሥራ ከያዙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 20 በመቶ፣ በአራተኛው 25 በመቶ፣ በጠቅላላው 85 በመቶ ይሰረዛል። 30,000 ዶላር የወሰደ ሰው 25,500 ይሰረዝለታል፤ 4,500 ከነወለዱ ይከፍላል። ሥራውን በ12 ወር ውስጥ ማግኘት ግን ያስፈልጋል፤ አንድ የሰዓት ክሊኒካል ቡድን ብቻ አይበቃም።

የመደበኛው የፌዴራል ብድር ነገር ተለውጧል። በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ እንዲቀር፣ ለተራ የድኅረ ምረቃ ተማሪም በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ጣሪያ እንዲኖር ተደርጓል። ማስተርሱንና ዶክትሬቱን አንድ ላይ አስበው፣ ከዚህ ጣሪያ የሚያልፈው በምን እንደሚሸፈን ቀድመው ያስሉ። ዕቁብ ያላችሁ፣ የእርስዎን ዕጣ ከሴሚስተሩ ክፍያ ቀን ጋር ለማገናኘት ሰብሳቢውን አስቀድሞ ማነጋገር ያለ ዘዴ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን የማስተማር ሥራ መያዝ

ማስተርስ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ በቨርጂኒያ ለምሳሌ በሁለት ዓመቱ የአርኤን ፕሮግራም አብዛኞቹ መምህራን የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ይኑራቸው እንጂ ቀሪዎቹ ቢኤስኤን ይዘው ማስተማር ይችላሉ። የኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ የነርስ ፈቃድ) ፕሮግራሞች ደግሞ ከዚያ የቀለለ በር አላቸው። የስቴትዎን የነርሲንግ ቦርድ ደንብ ከፍተው የመምህራን መመዘኛ የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ሁለት ገጽ ቢሆን ነው።

ለፎል ሴሚስተር ቅጥሩ ከማርች እስከ ጁላይ፣ ለስፕሪንግ ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር ይበረታል። ዩኒትዎ ላይ ተማሪ ይዛ የምትመጣውን መምህርት ያነጋግሩ፤ ብዙ የሰዓት መምህር የሚቀጠረው ማስታወቂያ ሳይወጣ በእሷ ጥቆማ ነው። ሲቪዎ ላይ «ፕሪሴፕተር ነበርኩ» ብቻ አይጻፉ። «ከ2021 እስከ 2025 ስድስት አዲስ ነርሶችና አራት ተማሪዎች አሠለጠንኩ» ብለው በቁጥር ያስቀምጡ።

አንድ የክሊኒካል ቡድን ከ8 እስከ 10 ተማሪ ነው፤ ቨርጂኒያ ታካሚ ላይ በሚሠሩ ተማሪዎች ለአንድ መምህር ከ10 በላይ አትፈቅድም። የአዲስ መምህር ዋናው ስሕተት በአንድ ቀን ስምንቱንም ተማሪ መድኃኒት ለማሰጠት መሞከር ነው። አንድ ተማሪ መድኃኒቱን አንብቦ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ የላብ ውጤቱን አይቶ፣ ስካን አድርጎ እስኪሰጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። የጠዋቱ መድኃኒት ሰዓት ጠባብ ስለሆነ በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ተማሪ ብቻ ይመድቡ። የቀሩትን ለአካል ምርመራ፣ ለቁስል እንክብካቤና ለቻርቲንግ ያሰማሩ፤ ዝርዝሩንም ባለፈው ቀን ማታ ይላኩላቸው።

የሚወድቅ ተማሪ ካለ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምሩ፦ ቀኑ፣ የተደረገው፣ መደረግ የነበረበት፣ የተሰጠው ምክር፣ የተማሪው ፊርማ። የሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ በጽሑፍ ያልተነገረው ተማሪ መጨረሻ ላይ ቢወድቅ ይግባኙን ያሸንፋል። አዘኔታ ይዞን «ይሻሻላል» ብለን የምንተወው ነገር ለተማሪውም ለታካሚውም አይጠቅምም፤ የመምህሩን ስም ደግሞ ያጎድፋል።

ደረጃ 5፦ ፈተና ማውጣትን ከሁሉም አስበልጠው ይማሩ

ብዙ ሰው ለመሪነት ንግግር ማሳመር ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። የነርሲንግ ትምህርት ቤት መሪ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠየቀው ስለ ኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ ፈተና) ማለፊያ መቶኛ ነው፤ በብዙ ስቴቶች ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ቦርዱ ማብራሪያ ይጠይቃል፣ ሲደጋገም ፕሮግራሙን ይቆጣጠራል። ፈተና መተንተን የሚችል መምህር ስለዚህ በፍጥነት ይፈለጋል።

ሁለት ቁጥሮችን ማንበብ ይወቁ። 40 ተማሪ ተፈትኖ 12ቱ ብቻ አንድን ጥያቄ ከመለሱ የክብደት ልኩ 0.30 ነው። ይህ ብቻውን ጥያቄውን መጥፎ አያሰኘውም። ቀጥሎ የሚታየው ፖይንት ባይሲሪያል የሚባለው፣ በጠቅላላ ፈተናው የበረቱት ናቸው ወይስ የደከሙት ይህን ጥያቄ የመለሱት የሚለውን የሚያሳየው ቁጥር ነው። 0.20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥያቄው ከባድ ግን ጥሩ ነው፤ ይቆይ። ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ -0.08፣ ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ አግኝተውታል ማለት ነው። ያኔ መልስ መስጫውን ይፈትሹ፣ ሁለት ትክክል መልስ እንዳይኖረው ይዩ፣ ክፍል ውስጥ መሰጠቱን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ያውጡት።

እዚህ ላይ ነው ብዝኃነት ከመፈክር ወጥቶ ሥራ የሚሆነው። አንድ ጥያቄ እንይ፦ «የልብ ድካም ያለባቸው ታካሚ ለምሳ የመረጡት የትኛው ምግብ ተጨማሪ ትምህርት እንደሚያስፈልጋቸው ያሳያል?» ምርጫዎቹ የተጠበሰ ዶሮ ከሩዝ ጋር፣ የአትክልት ሰላጣ፣ ሳወርክራውት ከቋሊማ ጋር፣ ሙዝና እርጎ። የልብ ድካም ሕመምተኛ ጨው መቀነስ እንዳለበት፣ ውኃ ለምን እንደሚቋጥር አጥርታ የምታውቅ ተማሪ፣ ሳወርክራውት በጨው ታሽቶ የኮመጠጠ ጎመን መሆኑን ካላወቀች «ጎመን ጤና ነው» ብላ ታልፈዋለች። የተፈተነችው ጨው ሳይሆን የጀርመን ምግብ ስም ነው። «ሚጥሚጣ የበዛበት ቋንጣ ፍርፍር» የሚል ምርጫ ብናስገባ የቨርጂኒያ ገጠር ልጅም እንዲሁ ይሆናል።

ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ምግቡን «የቆርቆሮ ሾርባ» ወይም «በጨው የኮመጠጠ ጎመን» በማለት ተማሪው ሁሉ በሚያውቀው ቃል ይተኩ። አረፍተ ነገሩ ላይ ሁለት አፍራሽ (የ«አይደለም» ዓይነት) ቃላት አይደርቡ። ለጥያቄው የማያስፈልግ ታሪክ ያውጡ፤ ስም ከሆነ «ታካሚው» ይበቃል። ተማሪው ሆስፒታል ውስጥ የግድ የሚያገኘው የአገሩ ምግብ ወይም አባባል ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ያስተምሩትና ከዚያ ይፈትኑ። ኤንክሌክስ ራሱ ጥያቄዎቹን ለአንድ ወገን እንዳያደሉ ይፈትሻል፤ ስለዚህ ማንም «ፈተናውን አቀለላችሁ» ሊል አይችልም። በአንድ ሴሚስተር የአንድ ኮርስ 50 ጥያቄ በዚህ መንገድ ፈትሸው ከበፊትና ከበኋላ ቁጥሩ ጋር ለኮርስ አስተባባሪዋ ያቅርቡ። ይህ ሁለት ገጽ ከማንኛውም የምስጋና ደብዳቤ የበለጠ ይሠራልዎታል።

ደረጃ 6፦ ሲኤንኢ

ኤንኤልኤን (ብሔራዊው የነርሲንግ ሊግ) የሚሰጠው የነርስ አስተማሪነት ማረጋገጫ ነው። ማስተርስዎ በነርሲንግ ትምህርት ከሆነ ወይም 9 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት በዘርፉ ከወሰዱ፣ አለዚያም በሌላ ዘርፍ ማስተርስ ኖሮዎት ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት ካስተማሩ መፈተን ይችላሉ። 150 ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት፤ 130ው ነጥብ ይይዛል። በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። የቅጥር ኮሚቴ ፊት እንግዳ ስም ያለው ሲቪ ሲቀርብ ሁሉም የሚያውቀው ማረጋገጫ ጥርጣሬ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይውሰዱት።

ደረጃ 7፦ የተማሪ ግምገማና የአነጋገር ዘዬ

«አነጋገሯ አይገባኝም» የሚል አስተያየት ይመጣል። ያማል፤ ግን ዝም ካሉት ማኅደር ውስጥ ገብቶ በዕድገት ጊዜ ይወጣል። መከላከያው ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራል። የዕለቱን ትምህርት አስቸጋሪ የመድኃኒት ስሞች፣ 15 ያህሉን፣ ጽፈው በሰሌዳው ጎን ያቆዩና እየጠቆሙ ይናገሩ። ሌክቸሩ ከነጽሑፉ ይቀረጽ፤ ጽሑፉ የመድኃኒት ስም ስለሚያበላሽ ያርሙት። በአምስተኛው ሳምንት ያለ ስም የሚመለስ ሦስት ጥያቄ ያሰራጩ፦ ምን ይቀጥል፣ ምን ይቁም፣ ምን አልገባችሁም። መልሱን በሚቀጥለው ክፍል ጠቅለል አድርገው ይንገሯቸው፤ ምን እንደሚለውጡም ይንገሯቸው።

በየሴሚስተሩ አንድ ባልደረባ ክፍልዎ ገብቶ በጽሑፍ እንዲገመግም ይጠይቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አራት የምስክር ወረቀት አለዎት። የግምገማ አማካይ ሲጠቀስ የመለሱት ተማሪዎች ቁጥር አብሮ እንዲጻፍ ያድርጉ። ከስምንት ተማሪ ሦስቱ ብቻ መልሰው 3.1 ያገኘ መምህር ደካማ ነው ማለት አይቻልም፤ አንድ የተቆጣ ተማሪ ቁጥሩን አውርዶት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ኮሚቴ መምረጥ

በክፍሉ ውስጥ ያሉት ብቸኛ ጥቁር ወይም ብቸኛ ስደተኛ መምህር እርስዎ ሲሆኑ የብዝኃነት ኮሚቴ፣ የባህል ቀን፣ የውጭ ተማሪዎች ምክር፣ የፎቶ ቀን ሁሉ ወደ እርስዎ ይመጣል። ሁሉም መልካም ሥራ ነው፤ በዕድገት ጊዜ ግን ሚዛን አይደፋም። በአንድ ጊዜ ከሁለት ኮሚቴ አይብለጡ። አንዱ ሥርዓተ ትምህርት ወይም የተማሪ ቅበላና ውጤት የሚወስነው ይሁን፤ ሌላው የዕውቅና ግምገማ። የራስ ግምገማ ሰነድ አንድ ምዕራፍ የጻፈ ሰው የክፍሉን በጀት፣ የማለፊያ መቶኛና ድክመት ከሌላው ሁሉ አብልጦ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ለዕውቅና ሰጪው ገምጋሚ ሆነው ለመሠልጠን ያመልክቱ፤ የሌሎችን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ማየት ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ኮሚቴ ሲገቡ አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይጠይቁ፦ ድምፅ አለኝ? ጥያቄው ታሪክ አለው። ጥቁር ነርሶች በ1908 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር ያቋቋሙት የነጮቹ በር ስለተዘጋባቸው ነበር። ሜሪ ኤሊዛቤት ካርኔጊ የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም የነርሲንግ ትምህርት ቤት ዲን ሆና ሳለ በ1949 የስቴቱ ነርሶች ማኅበር ቦርድ ውስጥ የመናገርና የመምረጥ መብት ይዛ ገባች፤ በአንድ የስቴት ነርሶች ማኅበር ቦርድ እንዲህ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ ናት። ከእሷ በፊት ኤስቴል ማሴ ኦዝበርን በ1931 በነርሲንግ ትምህርት ማስተርስ በመያዝ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ ሆነች፤ በ1945ም ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አስተማረች። ዛሬ የምናንኳኳው በር እነሱ የከፈቱት ነው።

ደረጃ 9፦ ለኃላፊነት ማመልከትና መደራደር

የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ አጭር የአመራር መግለጫና ከሦስት እስከ አምስት ምስክር ይጠየቃል። መጀመሪያ የ45 ደቂቃ ያህል የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ፣ ቀጥሎ የአንድ ወይም የሁለት ቀን የግቢ ጉብኝት ነው፤ እዚያ መምህራን፣ ተማሪዎችና አስተዳደሩ ለየብቻ ያነጋግሩዎታል።

እኛን የሚጥለን አስተዳደጋችን ነው። ይሉኝታ ይዞን ራሳችን የሠራነውን «ሠርተናል» እንላለን። ኮሚቴው ግን «እኛ» ሲባል ማን እንደሠራው አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ብለን አድገናል፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውም የእኛው ነው፤ ለዚህ ቀን የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ችግሩን በአንድ አረፍተ ነገር፣ እርስዎ ያደረጉትን በሁለት፣ ውጤቱን በቁጥር ይመልሱ። «የፋርማኮሎጂ ፈተና 50 ጥያቄ ፈተሽኩ፤ 14ቱን አስተካከልኩ፤ 3ቱን አወጣሁ» ማለት ጉራ አይደለም፤ ሪፖርት ነው።

ቦታው ሲሰጥዎ በዚያው ስልክ ላይ «እሺ» አይበሉ። አመስግነው በጽሑፍ እንዲልኩልዎ ይጠይቁና እነዚህን ይደራደሩ፦ ውሉ የ9 ወር ነው የ12፣ የኃላፊነት አበሉ ስንት ነው፣ የማስተማር ሸክሙ በስንት ክሬዲት ይቀንሳል፣ ረዳት ሠራተኛ አለ ወይ፣ በጀቱ ላይ የሚፈርመው ማን ነው፣ ኃላፊነቱ ሲያበቃ ወደ መምህርነት መመለስ በውሉ ተጽፏል ወይ። በጀትና ረዳት የሌለው ኃላፊነት ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ ነው። የዕውቅና ግምገማው መቼ እንደሆነና የሦስት ዓመት የኤንክሌክስ ውጤት ምን እንደሚመስል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ሊዘጋ የደረሰ ፕሮግራም ለአዲስ ሰው ሲሰጥ ይታያል። አዲስ ኃላፊ ከሆኑ በኋላ እንደ ኤንኤልኤን ሊድ ወይም የኤኤሲኤን (የአሜሪካ ነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር) ኤላን ያሉ የአመራር ሥልጠናዎች ክፍያ በትምህርት ቤቱ እንዲሸፈን እዚያው ውሉ ውስጥ ያስገቡ።

ደረጃ 10፦ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ

በዘር መርጦ መቅጠር በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ክልክል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2023 በተማሪ ቅበላ ዘርን መቁጠር ከልክሏል፤ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ የብዝኃነት ፕሮግራሞች በፌዴራል ደረጃ ጠንካራ ግፊት ላይ ናቸው። ስለዚህ ለእኔ ወገን ብሎ መቅጠር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሥርዓቱን ማስተካከል ይበቃል።

ማስታወቂያው ላይ «ግዴታ» የተባለውን ይፈትሹ። ረዳት ዳይሬክተር ለመሆን «አምስት ዓመት የአስተዳደር ልምድ» ማለት እስካሁን ዕድል ያላገኘውን ሁሉ በር ላይ ማስቀረት ነው፤ ሥራው በእርግጥ የሚጠይቀው ኮርስ ማስተባበር ከሆነ ያንን ይጻፉ። የነጥብ መስጫ ሠንጠረዡ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ይዘጋጅ። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ለየብቻ ነጥብ ሰጥቶ ከላከ በኋላ ብቻ ውይይት ይጀመር፤ አለዚያ መጀመሪያ የተናገረው ሰው አስተያየት የሁሉም ይሆናል። ለሁሉም አመልካች ያው ጥያቄ በያው ቅደም ተከተል ይቅረብ። «ከእኛ ጋር አይገጥምም» የሚል ሲመጣ «የትኛው መመዘኛ ላይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለው ከቃለ ጉባኤው ይውጣ።

ቅበላ ላይም አማካይ ውጤትን ብቻ አይዩ፤ የሠራበት ሰዓት፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ ቤተሰብ እያስተዳደረ መማሩ በተጻፈ መመዘኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ለአቢሲኒያዊውም ለአፓላቺያው ተራራ ልጅም እኩል ይሠራል። ወንድ ነርሶችንም አይርሱ፤ በአሜሪካ ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በወንድ ነርስ የለመድን ሰዎች ይህን ጉድለት ቶሎ እናየዋለን።

በመጨረሻም የሰዓት መምህራን ቅጥር በእርስዎ እጅ ነው። የማርች ማስታወቂያ ሲወጣ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ብቻ አይተዉት። ተማሪዎችዎ የሚለማመዱባቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ለእያንዳንዱ ዩኒት ማናጀር ይላኩ፤ በማታ ሺፍት ለሚሠሩ ቻርጅ ነርሶች እንዲደርስም በስም ይጠይቁ። ቃለ መጠይቁን ጠዋት 8 ሰዓት ላይ፣ እነሱ ከሺፍት ሲወጡ፣ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ያድርጉት።